ለመዓዛ ማን ይመስክር

«አሁን በየትኛው ስሟ እየጠሩ ይሆን የሚያጥቧት?»

አዳነች ይህን የጠየቀችው ማንንም አልነበረም፤ የሚመልስላትም አልነበረም። ዘንቢሏን በግራ እጇ አንጠልጥላ፣ በቀኟ ነጠላዋን ከነፋሱ ጋር እየተጓተተች፣ ከማዕከላዊ ገበያ ወደ ሰፈሯ ወደ ካርቲየ አራት ትሮጣለች፤ ሰባ ሊሞላው የተቃረበ ጉልበት በሰኔ ጅቡቲ ላይ የሚሮጠው ሩጫ ከተባለ። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ የበረሃውን አሸዋ ጭኖ ፊቷን ይጠብሳታል። የዕለቱ ጫት ከድንበር የገባበት ሰዓት ስለነበር ከተማው በሞላ ከእሷ በተቃራኒ ይጎርፋል። አንዱ ጎረምሳ ትከሻዋን ገጭቶ «ፓርዶን፣ ማማ» ብሎ አለፈ። አዳነች ዞር ብላ ሰደበችው። ልጁ አማርኛ አይሰማም፤ ደግ አደረገ። ስድቡም ለሱ አልነበረም።

ለልጇ ለደስታው ነበር። ለሟቿ ለመዓዛም ነበር፤ ሰው እንዲህ በድንገት፣ በባዕድ ቤት፣ በሰው ስም ይሞታል? ለጎረቤቷ ለማይሙናም ነበር፤ ሽንኩርት እየመረጠች ሳለ ደውላ ይህን ሁሉ ጉድ በጆሮዋ ስላፈሰሰችባት።

በካርቲየ አራት ሴት ስትሞት የምታጥበው ማይሙና ናት። እጇ ንጹሕ፣ አፏ ቁጥብ ስለሆነ ከሌላ ሰፈርም ይጠሯታል። ዛሬ የጠሯት ኤሮን ሰፈር፣ ከባሕሩ ዳር ካሉት ትልልቅ ግቢዎች ወደ አንዱ፣ ወደ ኮማንዳኑ፣ ወደ አንድ ትልቅ መኮንን ቤት ነው። ሐዲጃ የምትባል ሐበሻ ሠራተኛቸው ንጋት ላይ ሆስፒታል ውስጥ አርፋባቸዋለች። ማይሙና ውሃውን አስሙቃ፣ የሬሳ ሽቶውን ካፉር አዘጋጅታ፣ ልብሷን ስትገልጥ ከውስጥ ቀሚሷ ሥር፣ ወገቧ ላይ የተጠመጠመ ጥቁር ክር አገኘች። ከዚያ ፊቷን ደግማ አየች። ከዚያ ጨርቁን መልሳ ሸፈነቻትና ወጣች።

«አዳነች፣ ይቺን ልጅ አንቺ ቤት አውቃታለሁ» አለቻት በስልክ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በገና በዓላችሁ ቀን ሰሐን ይዛልኝ መጥታለች። እኔ ነገ አላህ ፊት የምቆም ሴት ነኝ። ያላመነችበት ሶላት አይሰገድባትም፤ እኔም ገልጬ አላዋርዳትም። ለኮማንዳኑ ሚስት ለሁዳ ‹አዳነችን ጠይቂያት› ብቻ ነው ያልኳት። ወደ አንቺ እየመጣች ነው። ቅድም ስልክሽን ሳታነሺ ብትቀሪ ለልጅ ልጅሽም ነግሬያታለሁ። ለአስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት ሊወስዷት ነው፣ እህቴ። የምትዪውን አስቢ።»

የምትዪውን አስቢ። አዳነች ከዚያ ወዲህ ያሰበችው አንድም ነገር የለም። የምታስበው ሳትቆጣ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከጥፍሯ እስከ ጠጉሯ ቁጣ ነበረች።

ቤታቸው ከባቡሩ ዘመን የቀረ ነው። ግድግዳው ሳንቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ላይ ሁልጊዜም ነፋስ የሚጫወትበት መጋረጃ። አማቷ ሽብሩ፣ የጥገና ክፍሉ መካኒክ፣ ከሥራ ሲወጣ በሚያመጣው የተጣለ እንጨት ሳንቃ በሳንቃ አቁሞታል። ባሏ እሸቴም እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አርጅቶ፣ ባለ ነሐስ ዓርማ ቆቡን አናቱ ላይ እንደደፋ «የባቡር ሼፍ» ሲባል ኖሮ፣ ባቡሩ በቆመ በዓመቱ የእሱም ልብ ቆመ። አሁን በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ እየሄደ ከከተማ ውጪ፣ ነጋድ ላይ ነው የሚያርፈው። የሼፉ ልጅ ደስታው ግን ባቡር ላይ አልሠራም። እሱ ሠራተኛ ያገናኛል። ከወሎም፣ ከሸዋም፣ ከሐረርም የሚመጡትን ልጆች ተቀብሎ የሚያስቀጥራቸው እሱ ነው። ደላላ ሲሉት አይወድም።

ስትገባ ፍራሹ ላይ፣ ከቬንቲላተሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጫቱ ጎኑ ላይ አለ፤ ጉንጩም ከወዲሁ አብጧል። ጸደንያ፣ ልጁ፣ አዳነች ከአራስነቷ ያሳደገቻት የልጅ ልጅ፣ ጓዳው በር ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። ቤቱ ውስጥ የነበረው ጸጥታ ከጭቅጭቅ በኋላ የሚመጣው ዓይነት ነበር።

«ሰማሽ?» አላት ደስታው።

አዳነች ዘንቢሉን ወለሉ ላይ ጣለችው። ሽንኩርቱ ተበተነ። ማንም አላነሳውም።

መስማትስ ሰምታለች። ያልሰማችው እሱ ምን ሊል እንዳሰበ ነው። ደስታው እንደ ሁልጊዜው አስቦ ጨርሷል። ሁዳ ስትመጣ የሚነገራት ቀላል ነው አለ፦ ያ ክር ማተብ አይደለም፣ የክታብ ክር ነው። የወሎ እስላም ሼኾቹ ጋ ሄዶ ለሾተላይ፣ ለዓይን፣ ለሆድ ቁርጠት ክር ያስራል። ወገቧ ላይ መሆኑ ራሱ ያረጋግጣል፤ ክርስቲያንማ አንገቱ ላይ ነው የሚያስረው። ሁዳ እሱን አትሰማውም። አዳነችን ግን ትሰማለች፤ አዳነች አሮጊት ናት፣ የሐይቅ ልጅ ናት፣ የወሎን ነገር የምታውቅ እሷ ናት። «አንዲት ቃል ብቻ፣ እማዬ። ‹የሼኽ ክር ነው› በያት። እነሱም ልጅቷን በክብር ይቀብሯታል፣ እኛም እንተርፋለን።»

«በክብር» አለች ጸደንያ። «በማን ክብር?»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

ነገሩ የተጀመረበትን ቀን አዳነች ታውቀዋለች፤ ራሱ ደስታው እየሳቀ ነግሯታል። የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። መዓዛ በጭነት መኪና፣ ከሾፌሩ ጎን ታጥፋ፣ ሁለት ቀን ተጉዛ መጣች። የአዳነች የልጅነት ጎረቤት የልጅ ልጅ ናት፤ አደራ ተብላ ነው የመጣችው። ደስታው በማግስቱ ወደ ኮማንዳኑ ቤት ወሰዳት። ደወሉን ደውሎ፣ ዘበኛው በሩን እስኪከፍት በቆሙባት ቅጽበት አንገቷን አየና «ያቺን ክር ወደታች አውርጃት፤ ካሁን ጀምሮ ሐዲጃ ነሽ» አላት። በሩ ሲከፈት ሐዲጃ ሆና ገባች። በዚህ ከተማ ያሉት አገናኞች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ። በእስላም ስም ሥራ ቶሎ ይገኛል ይባላል። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ ይባላል ብቻ።

ያኔ አዳነች ተቆጥታ ነበር። ለሦስት ቀን አኩርፋዋለች። በአራተኛው ቀን ሸሚዙን ተኩሳ ሰጠችው።

ደስታው ድምፁን ዝቅ አደረገ። የመኖሪያ ወረቀታቸውን በየዓመቱ የሚያሳድሰው ማን እንደሆነ አስታወሳት። የኮማንዳኑ አንድ ቃል ናት። እሱ «እነዚህ ሰዎች ዋሽተው ቤቴ አስገቡብኝ» ካለ ደስታው ነገ ድንበር ላይ ይወርዳል፤ የት አገሩ? አዲስ አበባን በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ነው ያየው። ደግሞስ እሱ ብቻ ነው ወይ? በእሱ እጅ ብቻ ሦስት ልጆች በየሰው ቤት ገብተዋል፤ ፋጡማ፣ ዘይነባ፣ አሚና ተብለው። ዛሬ ይህ ነገር ኮማንዳኑ ግቢ ውስጥ ከተነገረ ነገ የሐበሻ ሠራተኛ ወገብ በየቤቱ ይፈተሻል። የእነሱን እንጀራ ማን ይጋግርላቸዋል? ለሞተ ሰው ተብሎ?

እውነቱን ነው። የሚያናድዳትም ይህ ነው፤ ደስታው ውሸት ሲናገር እንኳ ግማሹ እውነት ነው።

ጸደንያ ቄሱ ጋ ደውላ ነበር። ቀሲስ ሀይለየሱስ የመለሱላትን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሬሳ ነጥቄ አልወስድም ብለዋል፤ እሳቸው እንግዳ ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑም እንግዳ ነው። ያመጣት ሰው ይቁምና «ይህች ክርስቲያን ናት» ይበል፤ እሱ ካለ ፍትሐቱም መቃብሩም የእኔ ነው ብለዋል።

«እሳቸው ምን አለባቸው» አለ ደስታው። «ቀሚሳቸውን ለብሰው በመንገድ ይሄዳሉ። ማንም አይነካቸውም።»

«ቅድመ አያቴስ?» አለች ጸደንያ። ግድግዳው ላይ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ከተሰቀለው ሽብሩ ጋር አብራ ልትከሰው የፈለገች ይመስል በአገጯ አመለከተች። «ፈረንሳዩ አለቃ ‹ማሽን ይይዝሃል፣ ክሩን ፍታ› ሲለው ‹አንገቴን ቢይዘኝ ይሻለኛል› ያለው የማን አያት ነው? አንተ አይደለህ እንዴ በየሠርጉ የምታወራው?»

«ሽብሩን ተይው» አለች አዳነች፣ ሳታስበው በልጇ ወገን ሆና። «ሽብሩ ማተቡን ያልፈታው ያለ እሱ ሎኮሞቲቩን የሚያስነሳ ሰው ስላልነበረ ነው። ያንተን እጅ የሚፈልግ ሰው አንገትህን አይነካም። መዓዛን ማን ይፈልጋታል? ድስት ለማጠብ ሌላ ሰው ሞልቷል። አንቺ ተማርኩ ብለሽ አትመጻደቂ።»

ደስታው እናቱን በምስጋና አያት። ያቺ አስተያየት አዳነችን ከሁሉ በላይ አናደደቻት።

ግን ወስና ነበር። ፈርታ ወስና ነበር። የሼኽ ክር ነው ትላለች። አንዴ ትለዋለች፣ ያልቃል። ልጇ ነው፤ ያላት አንድ ልጅ ነው። ሌሊት በዘገየ ቁጥር መጋረጃው ሥር ቆማ የምትጠብቀው፣ አርባ አምስት ዓመት ሞልቶት ዛሬም ውሃ ጠጣህ ወይ የምትለው ልጅ ነው። መዓዛን እግዜር ያውቃታል። እግዜር ክርና ስም አይቶ አይደለም የሚለየው። ይህንን ለራሷ ደጋግማ አለችው። እየደጋገመች ሽንኩርቱን ለቀመች።

መኪናው ቤቱ ደጃፍ ቆመ።

ሁዳ ስትገባ መጋረጃውን በክርኗ ነው የገለጠችው። በአርባዎቹ መሀል ያለች፣ ረጅም፣ ጥቁር ሽቲ የለበሰች ሴት ናት። አባቷ ነጋዴ ነበረ፤ እሷን ድሬዳዋ ከአያቶቿ ጋር ነው ያሳደጋት፣ ከዚራ ነው የተማረችው። ስለዚህ አማርኛዋ የድሬ ነው፤ ድሬ ደግሞ «እርስዎ» የሚባል ነገር አይታወቅም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም «አንተ» ነው። ደስታው ዘሎ ተነስቶ ወንበር አቀረበላት። እሷ ግን ፍራሹ ጫፍ ላይ፣ ከአዳነች ጎን ተቀመጠች። ዓይኖቿ አብጠዋል። አዳነች ይህን አልጠበቀችም ነበር። ተቆጥታ ትመጣለች ብላ ነበር የጠበቀቻት፤ ለተቆጣ ሰው መዋሸት አያስቸግርም።

«እማማ አዳነች» አለች ሁዳ፣ «ማይሙና ትታት ወጣች። ምን አገኘሽ ስላት አንቺን ጠይቂ አለችኝ። ቤቴ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ሼኹ መጥተዋል። እኔ የማላውቀው ነገር ምንድነው?»

ደስታው ቀደማት። ስለ ወሎ፣ ስለ ሼኾቹ፣ ስለ ክታብ ክር በለሰለሰ ድምፅ አወራ። ጥሩ አወራ። ሁዳ ሰማችው፤ ስትሰማው ግን የምታየው አዳነችን ነበር። ሲጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

«ማይሙና ክር እንደሆነ አልነገረችኝም» አለች። «ክር እንዳለ ማን ነገረህ?»

ደስታው ተደናቅፎ ማይሙና ለእናቴ ደውላ ነበር አለ። ሁዳ ፊቷን ወደ አዳነች አዞረች፤ ልታወራ የፈለገችው ሌላ ነገር ነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ የሚሰማት አጥታ እንደነበረ ያስታውቃል።

«አቦ፣ እኔን የሚያቃጥለኝ ምን መሰለሽ? ትኩሳቱ ሲይዛት በገዛ እጄ ወተት አፍልቼ ሰጠኋት። እምቢ አለች። እርጎ ሰጠኋት፣ እምቢ። ዶሮ ቀቅዬ መረቁን አቀረብኩላት፣ ፊቷን አዞረች። ሐኪሙ ትብላ፣ ደሟ አልቋል ይለኛል። እሷ ደረቅ ዳቦና ሻይ ብቻ። ሆዷ አልቀበል ብሏት መሰለኝ። ገና ረመዳን ከወጣ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም፤ አብራኝ ስትጾም ከስታለች። ያኔም ሳምቡሳውን ትጠብስልናለች እንጂ አትቀምሰውም፤ በቴምር ብቻ ታፈጥራለች። ከእኔ የበለጠች ጿሚ ብዬ አፍሬ ነበር፣ ወላሂ። ምንድነው እንዲህ ያስጠላት? ወተት እንኳ?»

አዳነች የያዘችው ሽንኩርት እጇ ውስጥ ነበረ። ልጣጩ ሲሰባበር ይሰማል።

የሰኔ ጾም ነው። ጰራቅሊጦስ በዋለ ማግስት፣ ገና በረመዳኑ መሀል ነው የገባው። እሷ ራሷ ከዚያ ቀን ወዲህ ወተት አልነካችም፤ ጸደንያም አልነካችም። ሐዋርያት ወደ ዓለም ሁሉ ወጥተው ሊመሰክሩ ሲሉ የጾሙት ጾም ነው። ያቺ ልጅ በዚያ ግቢ፣ በዚያ ሙቀት፣ ቀን ቀን የእመቤቷን ጾም ውሃ ሳትቀምስ ስትጾም ትውላለች፤ ማታ ማታ ደግሞ የራሷን ትይዛለች። ሁለቱም እንዳይነቃባት። ወይም አንዱ እንዳይነቃባት፣ አንዱ እንዳይቀርባት።

አዳነች የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ ታውቃለች። ይህንን በካርቲየ አራት የማያውቅ ክርስቲያን የለም። የንስሐ አባትሽ ጋ ትሄጃለሽ፣ አሞኛል ትያለሽ፣ «ብዪ ልጄ» ይሉሻል፣ ትበያለሽ፣ ያልቃል። ሐዲጃ የንስሐ አባት ከየት ታምጣ? ሐዲጃ «አሞኛል፣ ይፍቱኝ» ብላ ወደ ማን ትደውል? ለስድስት ዓመት ከቤተ ክርስቲያን በር ርቃ፣ በገና ቀን ብቻ በጓሮ በር እዚህ ቤት ገብታ፣ አንድ ጉርሻ ጎርሳ ስትሄድ፣ እኛ «አይዞሽ፣ በልብሽ ያዢው» ስንላት ኖርን። በልቧ ያዘችው። ማንም ልቀቂው ሳይላት።

«እማማ» አለች ሁዳ። «የሼኽ ክር ነው ይላል። ነው?»

ደስታው ጎሮሮውን ጠረገ።

«አይደለም» አለች አዳነች። ድምጿ ራሷንም አስደነገጣት፤ አሮጊት ድምፅ አልነበረም። «ማተብ ነው። ክርስቲያን ናት። በአርባ ቀኗ... አይደለም፣ ሴት ናት፣ በሰማንያ ቀኗ ሐይቅ የተጠመቀች ክርስቲያን ናት፤ ሞግዚት ሆና ያዘለቻት አያቷ የኔ ጎረቤት ነበረች። ስሟ መዓዛ ነው። ወተቱን እምቢ ያለችሽ ጾማ ነው። የእኛ ጾም ነው። ሆዷ ምንም አልነበረውም።»

ደስታው ወደ ሁዳ ዞሮ በሶማሊኛ አጣደፈው። እናቴ ሙቀቱ ናላዋን አዙሮታል፣ አርጅታለች፣ የምትለውን አታውቅም አለ። አርባ ሰባት ዓመት ጅቡቲ ለኖረች ሴት ይህን ያህል ሶማሊኛ ምን አላት? አዳነች እዚያው በሶማሊኛ፣ በተሰባበረው የገበያ ሶማሊኛዋ፣ «አላረጀሁም፤ እሱ ነው ዋሾ» አለች።

ጸደንያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሁዳ መጀመሪያ ያየችው እጆቿን ነው፤ ወተቱን ያፈሉትን እጆቿን። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች፣ ፊቷ ላይ የነበረው ሐዘን እንደ ጨርቅ ተገፎ ሌላ ነገር ወጣ።

«ማን ጠየቃችሁ?» አለች።

ከዚያ ወደ ደስታው ዞረች።

«ደስታው፣ አንተን ነው። ማን ጠየቀህ? ሠራተኛ አምጣልኝ ስልህ የምን ሰው አልኩህ? ንጹሕ፣ የማትሰርቅ፣ ልጅ የምትወድ። ሌላ ነገር ካፌ ወጥቷል? ከእሷ በፊት ባፈና አልነበረችም እንዴ ቤቴ? መስቀሏን አንገቷ ላይ አስራ አይደለም ልጆቼን ያሳደገችው? ለፋሲካችሁ ነጭ ልብስ ያሰፋሁላት እኔ አይደለሁም? ባሏ ሞቶባት አገሯ ስትገባ ያለቀስኩት እኔ አይደለሁም?»

ደስታው አፉን ከፈተ። «ሁሉም... እዚህ ከተማ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ መዳም።»

«እኔ ሁሉም ነኝ?»

አዳነች ልጇን አየችው። አላወቀም ነበር። ዋሽቶ ሳይሆን በእውነት አላወቀም፤ ጠይቆ አያውቅማ። ከዚያ ቤት በፊት የሠራችው ማን እንደነበረች፣ አንገቷ ላይ ምን እንዳሰረች ለመጠየቅ አንዲት ደቂቃ አላጠፋም። ያልተጠየቀውን ስም ሰጠ፣ ያልታዘዘውን ክር አስወረደ፣ ማንም ባላስፈራራበት በር ላይ ቆሞ ራሱ ፈርቶ ሌላ ሰው አስፈራራ። አዳነች እንዲህ ዓይነት ቁጣ በሕይወቷ አታውቅም።

ሁዳ ተነሳች። አሁን የምታወራው እንደ ኮማንዳን ሚስት ነው፤ አጭር አጭር። ድንኳኑ ውስጥ ባሏ አለ፣ ሼኹ አሉ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አሉ። ሁሉም ለሐዲጃ ሊሰግዱ ተሰብስበዋል። እሷ ገብታ «ክርስቲያን ናት» ብትል ምን ይሏታል? ስድስት ዓመት ሳታውቂ? ከማን ሰማሽ? ከአሮጊት? አይሆንም። ስሙን የሰጣት ሰው ከፊታቸው ይቁም። እኔ ነኝ፣ ዋሽቼ ነው፣ ስሟ መዓዛ ነው ይበል። ያኔ ባሌን እኔ እይዘዋለሁ፣ ሬሳዋንም አስረክባችኋለሁ አለች። ባሏ ከዚያ በኋላ ደስታውን ምን እንደሚያደርገው ግን ቃል አልሰጥም አለች። «በእሱ አልገባም። አልፈልግምም።»

መጋረጃው ጋ ስትደርስ ዞረች። «መኪናው ውስጥ እጠብቃለሁ። ብዙ አልጠብቅም።»

ወጣች።

ጸደንያ ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ ነጥቃ ነበር። እኔ እሄዳለሁ፣ እኔ እናገራለሁ አለች። አዳነች ክንዷን ያዘቻት፤ የአሮጊት እጅ ምን ያህል እንደሚይዝ ልጅቷ ያን ጊዜ አወቀች። «አንቺ አልዋሸሽም። ምኑን ትመልሺዋለሽ?»

«እማዬ» አለ ደስታው።

ድምፁ የሕፃን ነበር። መሬቱ ላይ ተንበርክኮ ጉልበቷን ያዘ። ያባርሩኛል አላት። ዛሬ ማታውኑ ድንበር ያወርዱኛል። ያስሩኛል እንጂ ማባረሩማ ደግነት ነው። ሦስቱ ልጆችስ? እነሱ ምን ይሆናሉ? አዳነች ሁሉንም ቀድማ አስባዋለች። እሱ ካሰበው የባሰውንም አስባዋለች፤ የእሷ ሥራ ይህ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ የባሰውን ስታስብ ነው የኖረችው። እጇ ሳታዘው ወደ ራሱ ሄደ። ጠጉሩ መሀል ላይ ሳስቷል። ተወው ልጄ፣ ተኛ፣ እኔ ሄጄ ለምኜ እመጣለሁ ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«ልጆቹ ይፈተሹ» አለችው። «ሞተው በማያውቋት ሴት እጅ ማተባቸው ከሚገኝባቸው፣ በቁማቸው ይገኝባቸው። አንዷም ታማ ወተት እምቢ ስትል ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይኑራት።»

«እኔስ?»

«አንተ ልጄ ነህ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ተነስ። ያን ነገር ካፍህ አውጣ። የሰው ስም የምትጠራው በጫት አፍ አይደለም።»

እስኪነሳ ድረስ አላየችውም። ግድግዳውን አየች፣ ሽንኩርቱን አየች፣ የቬንቲላተሩን መዞር አየች። ጀሪካኑ ጋ ሲሄድ ሰማችው። ተጉመጠመጠ፤ ደግሞ ተጉመጠመጠ። አረንጓዴውን ውሃ ጓሮው ላይ ተፋ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ጸደንያ ጫማውን አቀረበችለት፤ ሳያያት አጠለቀው። እጁ ክሩን ማሰር አቃተው፣ ዝቅ ብላ አሰረችለት።

ደጅ ላይ የመኪናው ሞተር ይንቀጠቀጣል። ከሩቅ፣ ከካርቲየ ሰባት ወገን፣ አንዱ መስጊድ ድምፅ ማጉያውን ሲሞክር ይሰማል፤ አስር ደርሷል።

ደስታው መጋረጃው ሥር ቆመ። ጀርባው ወደ እነሱ ነበር። አዳነች ጠበቀች። ልጇ ከዚህ ቤት ለሲጋራም ቢሆን፣ ለዳቦም ቢሆን፣ ተጣልተው እንኳ ቢሆን፣ «መጣሁ» ሳይል ወጥቶ አያውቅም። ትከሻው አንዴ ከፍ አለ፤ አሁን ይለዋል ብላ ጆሮዋን ሰጠች።

መጋረጃውን ገለጠና ወደ መኪናው ወጣ። ነፋሱ መልሶ ዘጋው።